ፔብል ቢችን ለማየትም ለመጫወትም፦ ከቤት እስከ ባህሩ ዳር ያለው ቅደም ተከተል

በየሰመሩ ተመሳሳይ ስልክ ይደወልልኛል። «ያን ሁሉ መንገድ ነድተን ምንም ሳናይ ተመለስን» የሚል። አንዱ በጁላይ ሄዶ ከጉም ሌላ ያየው የለም። ሌላው የጎልፍ ዱላዎቹን ጭኖ ሄዶ «የዛሬው ሁሉ ተይዟል» ተብሏል። አንዷ ደግሞ ከአገር ቤት የመጡ እናቷን ይዛ በሩ ላይ የደረሰችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እናትየው ውቅያኖሱን በመኪና መስኮት አይተው ተመለሱ።

ሦስቱም የተሳሳቱት ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። ፔብል ቢች ባህር ዳር ያለ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ በቀጠሮና በሰዓት የሚኬድበት ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ብዙም አያስቸግርም።

ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሞንተሬይ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሳን ሆዜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከኦክላንድ ወይም ከሳን ፍራንሲስኮ ሁለት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ሜዳው ለአባላት ብቻ የተከለለ አይደለም። የከፈለ ሁሉ ይጫወታል። መጫወት ያልፈለገም መጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ማየት ይችላል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጽፈው በሀበሻ ሰዓት ነው። የመጫወቻ ቀጠሮ ስትይዙ ግን በፈረንጅ ሰዓት መዝግቡት። ለእንግዶቻችሁም የትኛው እንደሆነ አስረዱ። «በ7 እንነሳለን» ስትሉ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ከምሳ በኋላ ነው ብሎ ሊተኛ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደምትሄዱ ቁረጡ

ከሦስቱ አንዱን ምረጡ።

1. ለማየት ብቻ። ወጪው የመኪና መግቢያ ነው። ከ10 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ግማሽ ቀን ይበቃል።
2. ዋናውን ሜዳ ለመጫወት። ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ ነው። ካዲ (ዱላ የሚሸከምላችሁና የሚመክራችሁ ሰው) ለብቻው ይከፈላል፣ ቲፕም አለ። ሙሉ ቀን ያዙለት።
3. ባህር ዳር በትንሽ ገንዘብ ለመጫወት። ይህም አለ፤ ደረጃ 3 ላይ እነግራችኋለሁ።

ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ማየትንና መጫወትን አትቀላቅሉ። አንዱ 18 ጉድጓድ (ሙሉውን ሜዳ) ሲጫወት ሌሎቹ አምስት ሰዓት መኪና ማቆሚያ ላይ ይጠብቃሉ። ይህን ያደረገ ጓደኛ አለኝ፤ ልጆቹ እስካሁን ያነሱበታል። የግድ ከሆነ መኪናውን ለቤተሰቡ ስጡና አጠገቡ ባለው ካርሜል ከተማ ይዋሉ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ምረጡ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ካሊፎርኒያ፣ ሰመር፣ ባህር» ሲባል ሙቀት ይታሰባል። እዚያ ግን ተቃራኒው ነው። የውቅያኖሱ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። በጁንና በጁላይ የውስጡ አገር ሲሞቅ ከባህሩ ላይ ጉም ወደ የብስ ይሳባል። ሳን ሆዜ በቲሸርት ወጥታችሁ ፔብል ቢች ስትደርሱ ጋቢ ያምራችኋል።

- ከሁሉ የሚሻለው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ንፋሱም ይቀንሳል።
- በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ የፕሮ-አም (ባለሙያዎችና አማተሮች አብረው የሚጫወቱበት) ውድድር አለ። ለመጫወት አትሂዱ። መንገዱም ይጨናነቃል።
- በኦገስት አጋማሽ የድሮ መኪኖች ሳምንት ነው። ሆቴል ውድ ነው፣ መንገዱም በመኪና ይሞላል። የዚህ ሳምንት ትልቁ ኤግዚቢሽን የሚካሄደው 18ኛው ጉድጓድ ሣር ላይ ነው።
- እ.ኤ.አ. በጁን 2027 ዩኤስ ኦፕን የሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር እዚህ ይካሄዳል። በዚያ ሰሞን ቦታው የተለመደው ቦታ አይሆንም።

ከሳምንቱ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላሉ። ቅዳሜ ብቻ ከሆነ የሚመቻችሁ በጣም ማለዳ ውጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽትና በዕለቱ ጠዋት የሜዳውን የቀጥታ ካሜራ በኢንተርኔት ክፈቱ። የስልካችሁ የአየር ትንበያ «ፀሐያማ» ቢልም ካሜራው ነጭ ከሆነ ካሜራውን እመኑ። ማለዳ ጉም ቢኖር አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ገደማ ይገፈፋል። ያን ቀን ጉዞውን ገልብጡት፤ መጀመሪያ የሞንተሬይን አኳሪየም (የባህር እንስሳት ማሳያ) እዩ፣ ባህር ዳሩን ለከሰዓት አቆዩት።

ደረጃ 3፦ የመጫወቻ ሰዓት ያዙ

ለማየት ብቻ የምትሄዱ ይህን ዝለሉ።

በዋናው ሜዳ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው በሪዞርቱ ሆቴሎች ለሚያድር ሰው ነው። እንግዳ ከወራት በፊት ክፍልና ጨዋታ አብሮ ይይዛል። ክፍሉ ግን በጣም ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ይጠየቃል። የሠርግ ወይም የጡረታ ስጦታ ካልሆነ በቀር አልመክርም።

ለማያድር ሰው መንገዱ ይሄ ነው፦

1. ከምትፈልጉት ቀን 24 ሰዓት በፊት ደውሉ። ቀደም ብሎ መደወል ትርጉም የለውም።
2. ብቻችሁን ከሆናችሁ «ለአንድ ሰው» በሉ። አራት ሰው ቦታ ማግኘት ይከብደዋል። ሦስት ሰው ባለበት ቡድን ላይ አንድ ሰው መጨመር ግን ቀላል ነው። ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ ለየብቻ ለመጫወት ፈቃደኛ መሆናችሁን ንገሯቸው።
3. «የትኛውም ሰዓት ይሆነኛል» በሉ። አንድ ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።
4. ቦታ ከተገኘ ስለ ስረዛ ጠይቁ። እስከ ስንት ሰዓት ብትሰርዙ ገንዘባችሁ እንደሚመለስ አስረግጣችሁ ጻፉ። ካርዳችሁን ይይዙታልና።
5. የምትጫወቱበትን ሰዓት ከጨለማ ጋር አነጻጽሩ። 18 ጉድጓድ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በኖቬምበር ከቀኑ 7 ሰዓት የጀመረ ሰው 18ኛውን አያየውም። 18ኛውን ካላያችሁ ደግሞ ያን ሁሉ ገንዘብ ባታወጡ ይሻል ነበር።

ካልተገኘስ?

*ፓሲፊክ ግሮቭ ጎልፍ ሊንክስ።* ከፔብል ቢች መግቢያ በር ጥቂት ደቂቃ ርቆ ያለ የከተማው አስተዳደር ሜዳ ነው። ዋጋው ከፔብል ቢች በብዙ እጅ ያንሳል። የኋላ ዘጠኙን (የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች) የነደፈው ፔብል ቢችን ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ጃክ ኔቪል ነው። ከአሸዋ ክምር መሃል፣ ከ1855 ጀምሮ ከሚሠራው የፖይንት ፒኖስ መብራት ቤት አጠገብ ትጫወታላችሁ። አጋዘኖች ሣሩ ላይ ተኝተው ታገኛላችሁ፤ አይነሱም፣ እናንተም አታስነሷቸው። መጀመሪያ ለሚሞክር ሰው እኔ ቀድሜ የምልከው እዚህ ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ጉድጓዶች አጫጭር ናቸው፤ ሰውነት ሳይሟሟቅ ረጅም ምት አይጠይቁም። ኋላ ዘጠኙ ላይ ንፋስ ሲነሳ ግን ጨዋታው ሌላ ይሆናል።

*ዘ ሄይ።* ከፔብል ቢች ሎጅ (ሜዳው አጠገብ ካለው ሆቴል) በእግር የሚደረስ ባለ 9 ጉድጓድ አጭር ሜዳ ነው። የጎልፍ ተጫዋቹ የታይገር ዉድስ ድርጅት ነድፎት በ2021 ተከፈተ። ሁሉም ጉድጓዶች ፓር 3 ናቸው፤ በሦስት ምት እንዲያልቁ የታሰቡ። አንዱ የፔብል ቢች ታዋቂ 7ኛ ጉድጓድ ቅጂ ነው። ልጅ ይዞ መጫወት ለሚፈልግ ከዚህ የሚሻል የለም።

ደረጃ 4፦ የምትይዙት

- ልብስ በንብርብር፦ ቲሸርት፣ ሹራብ፣ ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። በኦገስትም ቢሆን።
- ለጨዋታ፦ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ጂንስ ያልሆነ ሱሪ፣ ለስላሳ ጥርስ ያለው ጫማ። የብረት ጥርስ አይፈቀድም።
- ቢያንስ 12 ኳስ። ውድ ኳስ አትግዙ። ግማሹን ውቅያኖሱ ይወስደዋል።
- ምግብ። በመንገዳችሁ ላይ ባለው ስፓኒሽ ቤይ ዳር ጠረጴዛዎች አሉ። እንጀራችሁን ጠቅልላችሁ፣ ወጡን በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ከቤት መያዝ ያሳርፋችኋል።
- ቡና በፔርሙስ። ከሰል አቀጣጥሎ ማፍላት አይታሰብ። ጫካው ደረቅ ነው፣ እሳት ክልክል ነው።
- ቀድሞ የወረደ የስልክ ካርታ። ከካርሜል ወደ ደቡብ ስታልፉ ኔትወርክ ይጠፋል።
- ለእናትና ለአባት ወፍራም ካልሲና ነጠላ ጫማ ያልሆነ ጫማ። ድንጋዩ ይንሸራተታል።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ቦርሳና ላፕቶፕ መኪና ውስጥ በሚታይ ቦታ አትተዉ። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የምታስገቡትን ከቤት ስትነሱ አስገቡ። መኪናውን ካቆማችሁ በኋላ አይደለም፤ የሚያይ ዓይን አይጠፋም።

ደረጃ 5፦ በትክክለኛው በር ግቡ

ሜዳው ያለው 17 ማይል ድራይቭ በሚባለው የግል መንገድ ውስጥ ነው። መንገዱ ብዙ በሮች አሉት። ጂፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከሀይዌይ 1 በሚያስገባው በር ይወስዳችኋል። አትከተሉት። በፓሲፊክ ግሮቭ በር ግቡ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትነዱ ባህሩ በቀኛችሁ ይሆናል። ማቆሚያዎቹም በቀኛችሁ ናቸው። በተቃራኒው ከመጣችሁ በእያንዳንዱ ማቆሚያ የሚመጣውን መኪና ማቋረጥ አለባችሁ፤ እናታችሁም በመስኮታቸው የሚያዩት ቤት ብቻ ይሆናል።

1. ካርታችሁ ላይ «ፓሲፊክ ግሮቭ ጌት» ብላችሁ ጻፉ፤ «ፔብል ቢች» ብላችሁ አይደለም።
2. በሩ ላይ ክፈሉ። ለጎብኚ የሚከፈተው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ የሚዘጋው ስትጠልቅ ነው። ቢያንስ አራት ሰዓት ብርሃን ሲቀር ድረሱ።
3. የሚሰጣችሁን ካርታ ተቀበሉ። ደረሰኙን አትጣሉ። በሪዞርቱ ምግብ ቤቶች የተወሰነ መጠን ያለው ሂሳብ ከከፈላችሁ መግቢያው ይቀነስላችኋል። አስተናጋጁ አይጠይቃችሁም፤ ሂሳቡ ሳይዘጋ እናንተ አሳዩ።
4. በሞተር ሳይክል አትምጡ። አይገባም።
5. አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ቀይ የተቆራረጠ መስመር ተከተሉ። መስመሩ ከጠፋባችሁ ወደ መኖሪያ ቤቶች ገብታችኋል። ዙሩና ወደ መጨረሻው መስቀለኛ ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ መቆሚያዎቹ በየተራ

ሁሉም ቦታ አትቁሙ። ይህን ቅደም ተከተል ያዙ።

*ስፓኒሽ ቤይ፦* ምሳ እዚህ ብሉ። ሲጓል የሚባሉት የባህር ወፎች ደፋሮች ናቸው። ልጅ የያዘውን ዳቦ ከእጁ ይነጥቃሉ። ዕቃ ክፍት አትተዉ።

*በርድ ሮክ፦* አለቱ ላይ ወፎችና የባህር አንበሶች አሉ። መጀመሪያ ድምፃቸውን ትሰማላችሁ፣ ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። እግራችሁ ሥር የሚመጡትን ሽኮኮ መሰል አይጦች አትመግቡ። ይነክሳሉ።

*ፋንሼል፦* በአፕሪልና በሜይ ይዘጋል። የባህር ውሾች (ሲል የሚባሉት የባህር እንስሳት) የሚወልዱበት ወቅት ነው። አጥሩን አትለፉ፤ እናትየዋ ከደነገጠች ግልገሏን ጥላ ትሄዳለች።

*ሎን ሳይፕረስ፦* ብቻዋን አለት ላይ የቆመች ዛፍ ናት። ዕድሜዋ ከ250 ዓመት በላይ ይገመታል። በ2019 በማዕበል አንድ ቅርንጫፏ ተገንጥሏል፤ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ የደገፏትን የብረት ገመዶች ታያላችሁ። ወደ ዛፏ መውረድ አይቻልም። ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ ሞልቶ ካገኛችሁት መንገድ ላይ አትጠብቁ። አልፋችሁ ሂዱና ቆይታችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር አትሳቱ። ሳይፕረስ ፖይንት የሚባለው ሌላ ጎልፍ ሜዳ የግል ክለብ ነው። መመልከቻው የሕዝብ ነው፣ ክለቡ ግን አይደለም። በሩ ላይ ቆሞ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 7፦ ሳትጫወቱ ሜዳውን እዩ

ሎጁ ጋ ስትደርሱ በጎብኚ ማቆሚያ መኪናችሁን አቁሙ። በሱቆቹ መሃል እለፉ። የመለማመጃው ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት በጣም አጭር ሣር) እና 1ኛው መነሻ እዚያው ናቸው። ከዚያ በሎጁ በኩል ወደ ኋላ ውጡ። ፊት ለፊታችሁ 18ኛው ግሪን፣ ከጎኑ ውቅያኖሱ አለ። ብዙ ጎብኚ «አይፈቀድልኝም» ብሎ ከሱቁ ተመልሶ ይሄዳል። ይፈቀዳል።

የማይፈቀደውን ግን አክብሩ።

- ሣሩ ላይ አትውጡ። የግሪኑን ዳር እንኳ አትርገጡ።
- ተጫዋች ኳሱ ላይ ሲቆም ዝም በሉ። ካሜራችሁንም አውርዱ። ያ ሰው ለዚያች ምት ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ሊሆን ይችላል።
- ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ኳስ ሳይታሰብ ይመጣል። «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ ቀና ብላችሁ አትፈልጉ። ጭንቅላታችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ጎንበስ በሉ።

ደረጃ 8፦ የምትጫወቱ ከሆነ

ከቀጠሯችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። በሩ ላይ የመጫወቻ ሰዓት እንዳላችሁ ንገሩ። ልምምዱን በረጅም ምት አትጨርሱት። ግማሹን ጊዜ ለአጫጭር ምቶችና ለፓቲንግ (ግሪን ላይ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል) ስጡ፤ የፔብል ቢች ግሪኖች በጣም ትናንሽ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ትስቷቸዋላችሁ።

ካዲ መያዝ ከቻላችሁ ያዙ። በካርት (በትንሿ የጎልፍ መኪና) ከሄዳችሁ ካርቱ ከመንገዱ አይወጣም። ኳሳችሁ ከመንገዱ ማዶ ከሆነ ሦስት አራት ዱላ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ሲመላለስ ሜዳውን ሳያይ ይውላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉድጓዶች ከባህሩ ትንሽ ይርቃሉ። እዚህ ብዙ ሰው ጓጉቶ ይሳሳታል። ቀስ በሉ። 4ኛው ላይ ባህሩ በቀኝ ይመጣል፤ እስከ 10ኛው አይለያችሁም።

*7ኛው፦* ርዝመቱ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከከፍታ ቁልቁል ትመታላችሁ፤ ግሪኗ በአሸዋ ጉድጓዶች ተከባለች፣ ከኋላዋ ውሃ ነው። እኔ መጀመሪያ ስቆምባት ዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚሆን ዱላ) ይዤ ነበር። ካዲው ምንም ሳይናገር የሱሪዬን እግር አሳየኝ። ጨርቁ በንፋሱ ቅልጥሜ ላይ ተለጥፎ ይርገበገባል። ዌጁን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ የሚመታ 7 ቁጥር ብረት ሰጠኝ። ዝቅ አድርጌ መታሁ፤ ኳሷ ግሪኗ ፊት አርፋ ተንከባለለች። እናንተም ባንዲራውን ብቻ አትዩ። ልብሳችሁን እዩ፣ ውሃው ላይ ያለውን ነጭ አረፋ እዩ። ንፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ቁጥሩ በሁለት በሦስት ያነሰ (ራቅ አድርጎ የሚመታ) ዱላ ያዙና በግማሽ ጉልበት ምቱ። ፎቶ ከመምታታችሁ በፊት አንሱ፤ ከኋላ ቡድን እየጠበቀ ነው።

*8ኛው፦* የመጀመሪያው ምት የት እንደሚያርፍ አይታያችሁም። ሣሩ ገደል ላይ ስለሚያበቃ ረጅም የምትመቱ ሰዎች ድራይቨር (ከሁሉ አርቆ የሚመታውን ዱላ) አታውጡ። ሁለተኛው ምት ገደሉን ተሻግሮ ነው። ካልደረሳችሁ አታፍሩ፤ በግራ በኩል ባለው ሣር ዞራችሁ ግቡ።

በ8ኛው የገደል ጠርዝ ላይ አጥር የለም። ኳስ ለመፈለግም ሆነ ፎቶ ለመነሳት ወደ ጠርዙ አትጠጉ። አፈሩ ከሥር ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ኳሱ ቀይ ምልክት ካለበት ወረዳ ከገባ አንድ ምት ቅጣት ወስዳችሁ አዲስ ጣሉና ቀጥሉ።

ከ11ኛው እስከ 16ኛው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። የምትበሉትን እዚህ ብሉ።

*18ኛው፦* ግራው ከመነሻ እስከ ግሪን ባህር ነው። ርዝመቱ 500 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለት ምት ለመድረስ አትሞክሩ። ቀኝ እጅ የሆናችሁና ኳሳችሁ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ሰዎች መነሻው ላይ በግራ ዳር ቁሙና ወደ ቀኝ አነጣጥሩ። በሦስት ምት ደርሶ በሁለት መጨረስ እዚህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ግሪኑ ይጎረብጣል። አጭሯን ፓት ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ኳሳችሁ የሠራውን ጎድጎድ አስተካክሉ፣ አሸዋውንም በመሰቅሰቂያው ደልድሉ።

ደረጃ 9፦ በቀረው ጊዜ አካባቢውን

በካርሜል በር ውጡ። ወዲያው ካርሜል ከተማ ናችሁ። የባህር ዳርቻው በነፃ ነው። ከአሸዋው ላይ ወደ ቀኝ ቀና ብትሉ የፔብል ቢች 9ኛና 10ኛ ጉድጓዶች ገደሉ ላይ ይታያሉ። ለማየት ብቻ ከመጣችሁና ብሩ ካጠረ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ሌላ ቀን ካላችሁ ፖይንት ሎቦስ የሚባለውን ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ አስቀድሙ። ከካርሜል ወደ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል። ማቆሚያው ትንሽ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ቶሎ ይሞላል። ከሞላ ሀይዌይ 1 ዳር አቁማችሁ በእግር ግቡ፤ በሩ ከመኪና ይልቅ ለእግረኛ ቀና ነው። ድንጋይም ሆነ ዛጎል ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ከመንገዱ አትውጡ፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን ኦክ የሚባል ተክል አለ። የነካው ቆዳ ለቀናት ያሳክካል። ከነካችሁ ቶሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ልብሱንም ለይታችሁ እጠቡት።

በካርሜልና በፖይንት ሎቦስ መሃል ሞናስተሪ ቢች የሚባል ቆንጆ አሸዋ አለ። እዚያ ውሃ አጠገብ አትሂዱ። ቁልቁለቱ ድንገተኛ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ የማይመስል ማዕበል ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል። ልጆች ካሉ ሌላ ቦታ ቁሙ። በየትኛውም ዳርቻ ጀርባችሁን ለባህሩ አትስጡ። ማዕበል ከያዘው ሰው ጀርባ ዘላችሁ አትግቡ፤ 911 ደውሉና የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ።

የቢክስቢ ድልድይ ከካርሜል 25 ደቂቃ ያህል ወደ ደቡብ ነው። በ1932 የተሠራ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሀይዌይ 1ን ሁኔታ ከካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ አረጋግጡ። ናዳ በየጊዜው ይዘጋዋል። ነዳጅ ካርሜል ሙሉ። ፎቶ ስታነሱ አስፋልት ላይ አትቁሙ።

ለልጆች የሞንተሬይ አኳሪየም አለ። ትኬቱ ርካሽ አይደለም፤ ከቤት በኢንተርኔት ግዙ። በሩ እንደተከፈተ ግቡና ቀጥታ ወደ ባህር አረም ገንዳው ሂዱ። ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው። ሰው ሳይሞላ መስተዋቱ ፊት መሬት ላይ ቁጭ በሉ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ቀኑን ሙሉ ጉሙ ካልተነሳ፦* ወደ ካርሜል ቫሊ ንዱ። ከባህሩ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ነው። ምሳችሁን እዚያ ብሉና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ካሜራውን እንደገና እዩ።

*በሩ ከተዘጋባችሁ፦* ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ ዞራችሁ በኦሽን ቪው ጎዳና ባህሩን ተከትላችሁ ንዱ። ክፍያ የለውም፣ በርም የለውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያ በደንብ ይታያል።

*ለመጫወት ዘግይታችሁ ከሆነ፦* ከመንገድ ላይ ደውሉ። ሳትደውሉ አሥር ደቂቃ ከመዘግየት ደውላችሁ ሃያ ብትዘገዩ ይሻላል። ወደ ኋላ ሊያስተላልፏችሁ ይችላሉ።

*አዛውንት ከደከሙ፦* ሎጁ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አለ። ሻይ አዝዛችሁ መስኮት ዳር አስቀምጧቸው። 18ኛው ከዚያ ይታያል።

*ስትመለሱ፦* እሁድ ከሰዓት ሀይዌይ 156 ካስትሮቪል አካባቢ ይጨናነቃል። ወይ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ውጡ፣ ወይ እራታችሁን በልታችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ጃኬቱን የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አትክተቱት። ፀሐይዋ እንደጠለቀች ትፈልጉታላችሁ።